ክር የዋጠችው ድመት

አባቴ እንስሳ አሳድጎ አያውቅም ነበር። ሽሮ ሜዳ ያለችን አንድ ክፍል ቤት ናት፤ ከአልጋዬ ጫፍ እስከ በሩ ያለውን ቦታ በሙሉ የያዘው የሽመና ዕቃው ነው። እግሩን የሚያስገባበት ጉድጓድ፣ ከጉድጓዱ በላይ የቆሙት እንጨቶች፣ ከእንጨቶቹ እስከ ወዲያኛው ግድግዳ የተወጠረው ድር። እንግዳ ሲመጣ ጎንበስ ብሎ ነው የሚገባው። አባቴ "እዚህ ቤት የሚኖር ፍጡር ወይ ይሸምናል፣ ወይ ይፈትላል፣ ካልሆነ ደመወዝ ያመጣል" ይል ነበር። ደመወዝ የማመጣው እኔ ነኝ። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ ዘመኑ የደርግ ነው፤ መሀል ከተማ አንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ሆኜ ቀኑን ሙሉ ከ"ጓድ" የሚጀምር ደብዳቤ ስመታ እውልና ወደ አባቴ ድር እመለሳለሁ። ፈታይዋ እናቴ ነበረች። እሷ ካረፈች አንድ ዓመት ሆኖናል፤ ቤቱ ውስጥ የቀረነው ሁለታችን ብቻ ነን። አባቴ ክር ከገበያ መግዛት ጀምሯል፤ በገዛም ቁጥር በጣቶቹ መሀል እያሻሸ ያጉረመርማል።

ድመት ቤታችን ያስገባው አይጥ ነው። ድር ከመወጠሩ በፊት ሲሸመን እንዳይበጠስ ቀጭን ሙቅ ውስጥ ይነከራል። ሌላው ሸማኔ ለዚህ የስንዴ ዱቄት ይጠቀም ይሆናል፤ የእኛ ሰዎች ግን ከደቡብ ደጋ ይዘውት በመጡት ልማድ ከእንሰት በሚገኘው ነጭ ቡላ ነው የሚሠሩት። ክሩ ሲደርቅ ይጠነክራል፤ ሽታው ግን ያው የምግብ ሽታ ነው። ለአይጥ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የተዘረጋ ገበታ ማለት ነው።

አንድ ቀን ጠዋት ለሙሽራ የታዘዘ የነጠላ ድር መሀሉ ላይ ተበልቶ አገኘነው። አባቴ የተበጠሰውን ጫፍ ከጫፍ ሲቋጥር ሁለት ቀን ዋለ። ድር ሲበጠስ ይቋጠራል እንጂ አይጣልም፤ ይህ በቤታችን ከአሥርቱ ትእዛዛት ቀጥሎ የሚመጣ ሕግ ነው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ እንዲሉ፣ ቁጣው የወረደው እኔ ላይ ነው፤ የዳቦ ፍርፋሪ ትተሽ ነው አይጥ የጠራሽብኝ ተባልኩ። እኔም የዋዛ አልነበርኩምና "አባዬ፣ አይጡ የበላው የኔን ዳቦ ሳይሆን ያንተን ቡላ ነው" አልኩት። ኩርፊያው እስከ ማታ ቆየ። በማግስቱ ተነስቶ "በይ ድመት እንፈልግ" አለኝ።

ድመት የሞላው ወፍጮ ቤት ነው። ባለወፍጮዋ ሴትዮ ገና ያልጠነከረች፣ ግራጫ፣ ጆሮዋ ከራሷ የሚበልጥ ድመት መረጠችልንና ድመቷን ከመስጠቷ በፊት ምክሯን ሰጠችን። አንደኛ፣ መንገዱን እንዳታውቅ በጆንያ ተይዛ ትሂድ፤ መታጠፊያ ላይ ስትደርሱ ጆንያውን ሦስት ጊዜ አዙሩት። ሁለተኛ፣ ቤቱን እስክትለምድ ሰባት ቀን ትታሰር። ሦስተኛውን ስትነግረን ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ምግብ እንዳትሰጧት። የጠገበች ድመት አይጥ አትይዝም።"

አባቴ ይህን ሁሉ እንደ መጽሐፍ ቃል ተቀበለው። ምን ይደረግ፣ ሁለታችንም ስለ ድመት የምናውቀው ነገር አልነበረም፤ የማያውቅ ሰው ደግሞ ቀድሞ የነገረውን ያምናል። ጆንያውን ተሸክሞ፣ መታጠፊያው ላይ ቆሞ ሦስት ጊዜ ሲያዞር አንድ የቀበሌ ጥበቃ አየው። በዚያ ዘመን የሚንቀሳቀስ ጆንያ ይዞ መንገድ ላይ መሽከርከር የሚመከር አይደለም።

"ምንድነው የያዙት?" አለ ጥበቃው።

"ድመት ነች።"

"ለምንድነው የሚያዞሯት?"

"እንድትረሳ።"

ጥበቃው ጆንያውን አስከፈተ፤ ሁለት ጆሮና ሁለት ዓይን አየ፤ መሣሪያውን ወደ ትከሻው መለሰና ፊቱን ኮስተር አድርጎ እሱም መከረን። ቤት ስናስገባት በጅራቷ በኩል እንድናስገባት፣ ፊቷ ቀድሞ ከገባ ትመለሳለች አለን። በጅራቷ አስገባናት።

አሁን መታሰር አለባት። ገመድ ከየት ይምጣ? ሸማኔ ቤት ክር እንጂ ገመድ የለም። አባቴ አይጥ ከበጣጠሰው ድር ሊቋጠሩ ያልቻሉ አራት ቁራጮች አነሳ፤ አራቱን ደርቦ ሦስት ክንድ ለካና ገመደው፤ አንዱን ጫፍ ከእንጨቱ፣ ሌላውን ከድመቷ አንገት አሰረ። "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" አለና ሳቀ። እናቴ ካረፈች ወዲህ ሲስቅ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነበር። ሳቁን ስለወደድኩት ነው መሰለኝ፣ ስለ ክሩ ያሰብኩት ነገር የለም።

ሦስት ቀን ታሰረች። ውሃ ሰጠናት፤ ምግብ ግን ምክሩ እንደሚለው ከለከልናት። ስበላ ፊቴ ቁጭ ብላ አፌን ታያለች። አንዴ ቁራሽ ልጥልላት ስል አባቴ በዓይኑ ገሠጸኝ፤ መለስኩት። ዛሬም ሳስበው አፍራለሁ። አንዲት ነፍስ እጄ ላይ ርቧት፣ እኔ የማላውቃት የወፍጮ ቤት ሴትዮ ቃል እንዳይሻር እጠነቀቅ ነበር።

በአራተኛው ቀን ከሥራ ስመለስ ድመቷ አልጋዬ ሥር ገብታለች። አንገቷ ላይ ቋጠሮውና አንዲት አጭር ጭራ ብቻ ቀርቷል። አባቴን ኩራት ኩራት ብሎታል። "በጥሳ አመለጠች። ጠንካራ ናት፣ ይቺ አይጥ ትጨርሳለች" አለኝ። ሦስት ክንድ ክር የት ደረሰ ብሎ የጠየቀ የለም። በሕይወቱ ጣት የምታህል ክር ወድቃ ካየ ጎንበስ ብሎ የሚያነሳ ሰው፣ ያን ዕለት መሬቱን አላየም። እኔም አላየሁም።

በማግስቱ አስመለሳት። አረፋ ብቻ። ከሥራ መልስ ከሥጋ ቤት ትንሽ ጉበት ለምኜ፣ ምክሩም ይቅር ብዬ አቀረብኩላት፤ አሸተተችና ፊቷን አዞረች። በነጋው ጠዋት ደግሞ በፊት እግሯ አፏን ትመታለች፤ አንገቷን ትዘረጋለች፤ ይውጣልኝ እንደምትል ታደርጋለች። አባቴ ወደ መስኮቱ ብርሃን አቅፎ አመጣት። ከአፏ ጥግ ነጭ የክር ጫፍ ብቅ ብሏል።

የክር ጫፍ ያየ ሸማኔ ምን ያደርጋል? ይስባል። አባቴ አስቦ ያደረገው አይመስለኝም፤ እጁ ነው ያደረገው። ሁለት ጣቱን ሰደደ፤ ክሩን ያዘ፤ ሳበ። ክሩ የጣት ስፋት ያህል መጣና ቆመ፤ ድመቷ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ሰምቼው የማላውቀውን ድምፅ አወጣች። ድምፁ የሕፃን ልጅ ድምፅ ነበር። አባቴ እጁን እንደተቃጠለ ሰው አነሳ።

ያን ጊዜ ነው መባል ያልነበረበትን ቃል የተናገርኩት። "አባዬ፣ ሥራ ይረፍድብኛል። ትተኛ እስቲ፣ እስከ ነገ እንያት።"

"ነገ አንልም" አለ። ኮቱን እየለበሰ ነበር። "የከብት ሐኪም ሸጎሌ አለ ሲባል ሰምቻለሁ። ቅርጫት አምጪ።"

ጥጥ የምናስቀምጥበትን ባለክዳን ቅርጫት አመጣሁ፤ ጋቢውን አንጥፈን አስተኛናት። ከመውጣታችን በፊት አባቴ ቆመ፤ ዓይኑን ጨፈነ። እኛ ጴንጤዎች ነን፤ ያኔ ጸሎት ቤታችን ተዘግቶ በየቤቱ ድምፃችንን ቀንሰን ነበር የምንሰበሰበው፤ ስለዚህ አባቴ በሹክሹክታ መጸለይ የተካነ ነው። "ጌታ ሆይ፣ ፍጡርህ ናት። ጥፋቱ የኔ ነው" አለ። ለድመት ይጸለያል ወይ ብሎ የሚከራከር ሰው በጉባኤያችን እንዳለ አውቃለሁ። ያን ጠዋት ግን አሜን ያልኩት ከልቤ ነው።

ውይይት ታክሲ ተሳፈርን። ውይይት የተባለችው ሰው በሁለት ወገን ፊት ለፊት ተፋጦ ስለሚቀመጥባት ነው፤ ተፋጦ የተቀመጠ ሰው ደግሞ ዝም ሊል አይችልም። ቅርጫቱ ውስጥ ድመት መኖሯ እንደታወቀ ሁሉም ባለሙያ ሆነ። ጎመን የያዘች ሴት ዘይት አጠጧት አለች። አንድ ሽማግሌ የለም፣ ቅቤ አፍንጫዋን ቀቧት፣ ስትልሰው ይሻላታል አሉ። ሌላዋ ድመት መድኃኒቷን ራሷ ታውቃለች፤ ሣር ላይ ልቀቋት አለች። ክር መዋጧን ስነግራቸው ደግሞ አንድ ድምፅ ሆኑ። "እና ለምን አትስቡትም?"

አንድ ወፈር ያለ መጽሐፍ ጉልበቱ ላይ ያስቀመጠ ጎረምሳ ሳቀ። "ሰው ሐኪም ባጣበት አገር ለድመት ሐኪም ፍለጋ! አባባ፣ እርስዎስ ተመችቶዎታል።"

አባቴ አልተቆጣም። ቀስ ብሎ ነው የመለሰለት። "ልጄ፣ ሰው ሐኪም አያጣም። የሚወስደው ነው የሚያጣው። የዚችን ልጅ እናት አሥራ አንድ ቀን አስታምሜያታለሁ። በየቀኑ ነገ ይሻላታል፣ ነገ ካልተሻላት እንወስዳታለን እያልኩ። ስንደርስ ሐኪሙ ትናንት ብታመጧት ኖሮ አለኝ።" ቅርጫቱን ወደ ራሱ አስጠጋ። "ትናንት ቤት ተቀምጬ ማግ ስወረውር ነበር።"

ጎመን የያዘችው ሴት ቅርጫቱ እንዳይጨናነቅ ዘንቢሏን ከእግሯ ሥር አነሳችና እቅፏ ላይ አደረገችው።

እኔ አንድ ዓመት ሙሉ አባቴን በልቤ ቂም ይዤበት ነበር። ግትር ነው፣ ሥራው ከሚስቱ ይበልጥበታል፣ ያደረገውንም አያውቀውም እል ነበር። አንድ ቀን ፊት ለፊት እነግረዋለሁ ብዬ ያዘጋጀሁት ቃል ሁሉ ነበረኝ። እሱ ግን ሲያውቀው ኖሯል። ድፍን ዓመት በዚያ ጉድጓድ ውስጥ ይህንኑ እየቆጠረ ነው የተቀመጠው። ያን ጠዋት ነገ ያልኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም፤ እጄን ቅርጫቱ ክዳን ላይ፣ ከእጁ አጠገብ አደረግሁ።

ሸጎሌ ስንደርስ ገበያው ደርቷል። በሬ፣ በግ፣ አቧራ፣ የሚጮህ ደላላ። ሐኪም የሚሉት ሰው የእንስሳት ጤና ረዳት ነው፤ እጅጌውን እስከ ክርኑ ሰብስቦ ወይፈን ይከትባል፤ ወረፋ የያዙት ሁሉ ከብት ጎታቾች ናቸው። ከኋላቸው ቅርጫት ይዘን ቆምን። ተሳቀብን፤ አንዱ "ትታለባለች እንዴ?" አለ። ተራችን ሲደርስ ሐኪሙም መጀመሪያ ፈገግ ብሎ ነበር። አባቴ ስለ ክሩና ሳናበላት ስለማቆየታችን ሲነግረው ግን ፈገግታው ጠፋ።

"ስበውታል?"

"ስቤዋለሁ።"

"ስንት ጊዜ?"

"አንድ። የጣት ስፋት ያህል።"

ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ። "አባባ፣ ሱሪ ለብሰዋል። ሱሪዎ ማሰሪያ ቢኖረውና አንዱ ጫፉ ተይዞ ሌላውን ቢስቡት ምን ይሆናል? ጨርቁ ይሰበሰባል፣ ይጨማደዳል። አንጀቷም እንዲሁ ነው። ክሩ አንድ ቦታ ተይዞ ከሆነ፣ በሳቡት ቁጥር አንጀቷ ክሩ ላይ ይሰበሰባል፣ ከዚያ ክሩ እንደ መጋዝ ይቆርጠዋል። ደግመው ቢስቡት ኖሮ እዚህ ባልመጡ።"

አባቴ ቅርጫቱ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠ።

ሐኪሙ ድመቷን በጋቢው ጠቅልዬ፣ ጭንቅላቷን ብቻ አስቀርቼ እንድይዛት ነገረኝ። በማንኪያ እጀታ አፏን ከፈተና ምላሷን ወደ ላይ ገፋ። ክሩ ምላሷን ከሥር ዞሮ እዚያ ተይዟል፤ ቀሪው ወደ ጉሮሮዋ ይወርዳል። መውጫው አንድ ነው አለን፤ ምላሷ ሥር የተያዘውን ከቆረጥነው የቀረው በራሱ መንገድ ሊሄድ ይችላል። ሊሄድ ይችላል ነው ያለው፤ ይሄዳል አላለም። መቀሱን አወጣ። የበሬ ጆሮ የሚቆረጥበት ዓይነት ነው፤ አፏ ውስጥ አይገባም። ቦርሳዬን ከፍቼ የጥፍር መቀሴን ሰጠሁት። አንዴ ሞከረ፣ ዓይኑን ጨፈን ገለጥ አደረገ፣ ተወው።

"ለኔ ክሩና ምራቋ አንድ ነው። ጣቴም ለዚህ አልተፈጠረም፤ እኔ የላም ሰው ነኝ። እርስዎ ሥራዎ ምንድነው?"

"ሸማኔ ነኝ።"

"እንግዲያው ይምጡ።"

አባቴ መቀሱን ተቀበለና አየው። "አርባ ዓመት ስሸምን ድር ቆርጬ አላውቅም" አለ፤ ለማን እንዳለው አላውቅም። ከዚያ ተንበረከከ። ነጭ ክር ከነጭ ክር መሀል ለይቶ የሚያይ ዓይን ነው፤ ወዲያው አገኘው። ድመቷ በእጄ ውስጥ ትንቀጠቀጣለች። አባቴ መቀሱን አስገባ፤ ጠቅ የሚል ትንሽ ድምፅ ተሰማ፤ ምላሷን አንቆ የነበረው ቀለበት ሲላላ አየሁት፤ አባቴም የተቆረጠውን ሦስት ጣት ያህል ቁራጭ ከአፏ አነሳ። ድመቷ ወዲያው ዋጥ አደረገች። ሐኪሙ "ይኸው፣ አለቀ። ከዚህ በኋላ የሷና የእግዜር ነው" አለ።

ከዚያ ቀጥሎ፣ በሬ የያዙ ሰዎች ከኋላችን እያጉረመረሙ፣ ማንም ያልነገረንን ነገር ነገረን። ወተት ይቅርባት፤ ድመት ወተት ትወዳለች እንጂ ወተት ሁልጊዜ አይወዳትም። የሥጋ መረቅ፣ ጨው የሌለበት፣ በትንሽ በትንሹ። ውሃ ከአጠገቧ አይጥፋ። የምትጸዳዳበት አመድ በሣጥን አድርጉላት፤ አመዱንም በየቀኑ ፈትሹ። ማስመለሷ ካልቆመ ወይ ሆዷ እንደ ድንጋይ ከጠነከረ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ከተማ ውሰዷት፣ አለና ሆድ ከፍቶ ማከም የሚችል የእንስሳት ሐኪም ያለበትን ሰፈር በወረቀት ጻፈልን። "ደግሞ" አለ አባቴን እያየ፣ "ማን ነው አስርባችሁ አኑሩ ያላችሁ? የራባት ድመት አይጥ አትይዝም፤ ክር ትበላለች። ክሩ ላይ ያለው የቡላ ሽታ እኔንም ሸትቶኛል። የጠገበች ድመት ናት አደን የምትችለው። ማደን ጨዋታዋ ነው፣ ለመጫወት ደግሞ ጉልበት ያስፈልጋል። ክር ያለበት ቤት ድመት ካለች ክሩ ክዳን ይኑረው።"

ሦስት ቀን ጠበቅን። አባቴ በነዚያ ሦስት ቀናት ጉድጓዱ ውስጥ አልገባም። ወለሉን እየዞረ ያገኘውን ክር ሁሉ ለቀመ፤ የእናቴን የልብስ ሣጥን አራግፎ ክሩን በሙሉ ከተተበትና ቆለፈው። መረቁን በማንኪያ ያጠጣታል። የመጀመሪያውን ቀን አስመለሳት፤ እኔ ወረቀቱን ይዤ ተነሳሁ፤ እሱ ሆዷን በመዳፉ ዳብሶ "ለስላሳ ነው፣ ትንሽ ብቻ" አለኝ፤ ደግሞም አላስመለሳትም። ከሥራ ስመለስ አመዱን በእንጨት ሲበትን አገኘዋለሁ። ያ ሁሉ ጨዋነት ያለው ሰው፣ ሰው ፊት ሲያስነጥስ እንኳ የሚያፍር ሰው፣ የድመት አመድ ሲፈትሽ ጎረቤት ቢገባበት ቀና አይልም። መሥሪያ ቤት እኔም ሐሳቤ እሱ ላይ ነው። አንድ ደብዳቤ ላይ "ጓድ ሊቀመንበር" ብዬ መጻፍ ሲገባኝ "ጓድ ድመት" ብዬ መትቼ ወረቀቱን ሰው ሳያየው ቀዳድጄ ጣልኩ። ቢታይ ኖሮ የዚህን ታሪክ መጨረሻ ሌላ ሰው ነበር የሚጽፈው።

ሦስተኛው ቀን እሑድ ነበር፤ ጠዋት በር ላይ ሆኜ ልብስ ሳጥብ ጠራኝ። "ነይ እዪ።"

ክሩ አመዱ ላይ ነበር። ወጥቷል። አባቴ በእንጨት አነሳው፤ በውሃ አጠበው፤ በሳሙና ደግሞ አጠበው፤ ከዚያ ከክርኑ እስከ ጣቱ ጫፍ እየዘረጋ መለካት ጀመረ። እኔ ደስታው አፍኖኝ ሳቄ መጣ፤ እሱ ግን አልሳቀም። ሦስት ክንድ አስሬያለሁ፤ አንገቷና እንጨቱ ላይ የቀረው አንድ ስንዝር፣ ሸጎሌ የቆረጥኩት ሦስት ጣት፤ እያለ ይደምራል። ሁለት ጊዜ ለካው። "ሙሉ ነው" አለ በመጨረሻ። "ሆዷ ውስጥ የቀረ የለም።" ከዚያ ክሩን መሬት ላይ አስቀምጦ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ አለቀሰ። እናቴን ስንቀብር ያላለቀሰው ሰው። እኔም ሳሙናዬን ይዤ አጠገቡ ተቀመጥኩ፤ ያን ያዘጋጀሁትን ቃል ልናገር የምችልበት ጊዜ ያኔ ነበር፤ ግን ቃሉን ፈልጌ አጣሁት። ድመቷ መጥታ የመረቁን ሳህን እስኪያብረቀርቅ ላሰችው።

ከዚያ በኋላ አይጡን አንድ በአንድ ለቀመችው። ጠግባ እየበላች፣ ጠግባ እያደነች። አባቴ "አንቺ" እያለ ነው የሚጠራት፤ ሌላ ስም አላወጣንላትም። ጉድጓዱ አፍ ላይ ትተኛለች፤ መወርወሪያው ከግራ ወደ ቀኝ ሲሄድ ራሷን ከግራ ወደ ቀኝ ታዞራለች፤ እሱም እጁ እንዳይነካት ክንዱን ከፍ አድርጎ ይሠራል። ወሬው በሸማኔው ሰፈር ሁሉ ተዳረሰ። አይጥ የማይበላው ድር የለምና ድመት ሊያስገቡ የፈለጉ ሁሉ አባቴን ያማክሩት ጀመር። ሳታበሉ አታኑሩ። በክር አትሰሩ። ወተት አታብዙ። አመዱን ፈትሹ። ክር ከዋጠች አትሳቡ፣ ለእግዜር ብላችሁ አትሳቡ። ሥራውን አቁሞ፣ ጣቱን እየቆጠረ ነው የሚመክረው። ድሮ ስለ ዋጋ እንኳ ሁለት ቃል የማይናገር ሰው ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ የአንድ ሸማኔ ሚስት መጣች። ከእኛ ጋር በየቤቱ የምትሰበሰብ እህት ናት፤ በነጠላዋ ውስጥ ትንሽ ድመት ይዛለች፤ ዓይኗ ያዥባታል፤ ምን ላድርግላት አለች። አባቴ ጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ ጥያቄውን ጀመረ። መቼ ጀመራት? ትበላለች? ውሃ ትጠጣለች? ሴትየዋ ስትመልስ ቆየችና እንደዋዛ፣ "እኔም እኮ በደንብ አላየኋትም፤ ሌሊት ባለቤቴ ሲያስል ስለሚያድር እንቅልፍ የለኝም" አለች።

አባቴ መወርወሪያውን አስቀመጠ። "ከመቼ ጀምሮ?"

"ውይ፣ እሱ ቆይቷል። ሁለት ወር ሳይሆነው አይቀርም። ብርድ ነው ይላል። ይሄን ጋቢ ይጨርስና ለፋሲካ ከተረፈን እንወስደዋለን።"

አባቴ እግሩን ከጉድጓዱ አወጣ። ሥራ ተጀምሮ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ድር ተወጥሮ ሳለ ሲወጣ አይቼው አላውቅም። ኮቱን ከሚስማሩ ላይ አወረደ። "አሁን ቤት ነው?" አላት።

"አዎ፣ እየሠራ ነው።"

"በይ እንሂድ። ሆስፒታል ሳይዘጋ እንደርሳለን።" ወደ እኔ ዞረ። "አንቺም ነይ፤ ወረቀት የሚሞላ ሰው ያስፈልጋል።"

የሳንባ በሽታ ሆኖ ተገኘ። ሐኪሙ አባቴ የታማሚው ወንድም መስሎት "በጊዜ ነው ያመጣኸው" አለው፤ አባቴ አላረመውም። ያ ሰው ረጅም ጊዜ መድኃኒት ወስዶ ዳነ፤ ልጆቹን ዳረ፤ እኔ የተዳርኩበትን ነጠላም የሠራው እሱ ነው። እኔ ግን ዘወትር ትዝ የሚለኝ የዚያን ዕለት በራችን ላይ የሆነው ነው። ሴትየዋ ግራ ተጋብታ፣ ድመቷን በነጠላዋ እንደያዘች ቆማ፣ "ይቺስ?" አለችው።

አባቴ ድመቷን ተቀብሎ የኛይቱ አጠገብ አስቀመጣትና በሩን ከፈተ።

"የሷን ነገ አየዋለሁ" አለ።